የኤሊ የመሠረት ድንጋዮች

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ የዛሬው ነገር የመሠረት ድንጋይ ነውና።

በአንድ ያረጀ ኩይሳ ውስጥ አይጦች፣ እንሽላሊቶችና አንዲት ጃርት ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግድግዳው ይፈረፈራል። ሰፈሩን እንዲያድስላቸው ኤሊን መረጡት። ኤሊ ሰፈሩን ከልቡ ይወዳል፤ ንግግር ማድረግ ደግሞ ይበልጥ ይወዳል። በየዓመቱ ድንጋይ እየገፋ ይመጣና ቄጤማ አስጎዝጉዞ፣ «እዚህ ላይ አዲስ ቤት ይሠራል!» ብሎ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል። ያጨበጭቡለታል፤ እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሜዳው ላይ ሰባት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ቤት ግን የለም።

በስምንተኛው ዓመት ክረምቱ ከበደ። ጎርፉ ኩይሳውን ከሥሩ ይሸረሽረው ጀመር። አንዷ አይጥ ወደ ድንጋዮቹ ስትሮጥ ጃርት ደነገጠች።

«ኧረ የክብር ድንጋይ ነው! እንዴት ይነካል?»

«ክብሩ ይቆየን። አሁን ነይ ግፊ!» አለቻት አይጥ።

ሁሉም ተረባርበው ድንጋዮቹን ከኩይሳው ሥር ደረደሯቸው። ጎርፉም ዞሮ ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ ኤሊ ስምንተኛውን ድንጋይ እየገፋ መጣ። ሜዳው ባዶ ነው።

«ድንጋዮቼን ማን ነካቸው?» ብሎ ጮኸ።

«አይቆጡ፣ ጋሼ ኤሊ» አለች አይጥ። «ቤታችን ቆሞባቸዋል። እርስዎ ባያመጧቸው ዛሬ የት እንገባ ነበር?»

ኤሊ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ያዘጋጀውን ንግግር ዋጠና አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ከዚያ ብቅ አለና ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

«እንግዲህ... ይሄኛው የት ይሁንላችሁ?»