ለዘነበች የተሰጠ አድራሻ

"ይሄን አድራሻ አጥፊው አልኩሽ።"

"አላጠፋውም አልኩህ።"

"በአምስት ዓመት አንዲት መልእክት አልመጣበትም እኮ!"

"ታዲያ ይበላል? ይጠጣል? ይቀመጥ።"

ወገኖቼ፣ የሚጨቃጨቁት ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች፤ ትእዛዝ የሚመጣላት በኢሜይል ነው። ባሏ የኮምፒውተር መምህር ነው። ድሮ በቀን ሦስት መቶ መልእክት ይጎርፍባት ነበር። ሎተሪ ደርሶሻል የሚል፣ በሳምንት አከሳሻለሁ የሚል። እውነተኛው ትእዛዝ በዚያ መሀል ይጠፋ ነበር።

ባል ምን አደረገ? የምታውቃቸውን ሰዎች ዝርዝር አወጣ፤ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲጥል አዘዘው። ሌላም ነገር ጨመረ። በአድራሻዋ ላይ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል እያከለ ለአንዳንድ ሰው የብቻውን አድራሻ አበጀ። ለአዳማ መዘምራን አንድ፣ ለጨርቅ ነጋዴው አንድ። በዚያ የመጣ መልእክት፣ ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ ሳይጠየቅ ይገባል።

አንዱ ለታናሽ እህቷ ለዘነበች የተሰጠ ነበር። እናታቸው የሞቱ ሰሞን በአንድ ክፉ ቃል ተለያዩ። ዘነበች ከተማ ለቀቀች፣ ስልኳን ቀየረች፤ ጠፋች።

"ስሟ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ አይበቃሽም?" ይላል ባል።

"እሱ የድሮ መሥሪያ ቤቷ ኢሜይል ነው። አሁን በምን እንደምትጽፍ ታውቃለህ?"

አያውቅም። ተወው።

በግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መልእክት ገባ። ላኪው ማንም የማያውቀው የችግኝ ጣቢያ ነው። ዝርዝሩ ቢጠየቅ ኖሮ ይጥለው ነበር። የመጣው ግን ለዘነበች በተሰጠው አድራሻ ነው።

"እትዬ፣ ከአዲሱ መሥሪያ ቤቴ ነው የምጽፍልሽ፤ ይሄ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ስለሰጠሽኝ ሞከርኩት። ቅዳሜ ልምጣ?"

ሴትዮዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም አነበበችው። ባል ከኋላዋ ቆሞ መነጽሩን ጠረገ።

"እንግዲህ አድራሻውን ያበጀሁት እኔ ነኝ" አለ።

"አጥፊው ያልከኝም አንተ ነህ" አለችው።

ቅዳሜ ሁለቱ እህትማማቾች ጎረቤት እስኪሰማ ሳቁ።

ወገኖቼ፣ ዘነበች በምን ገባች? በስሟ? ስሟማ አላስገባትም። በተሰጣት ገባች! እኛስ እግዚአብሔር ፊት በምን እንቀርባለን? ማንነታችን ቢመረመር ማን ያልፋል? የምንገባው እሱ በሰጠን ነው። ስንት ዓመት ዝም አልነው? እሱ ግን የሰጠንን አላጠፋውም። ደስ አይላችሁም?

እናንተስ? የዘጋችሁበት ወንድም የለም? ዛሬ ክፈቱለት። ወይስ የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ? እንግዲያው ሞክሩት። ይሠራ እንደሆነ ሳታውቁ ሞክሩት።

አሁን እንዘምራለን። በመዝሙሩ መሀል ስልኩን ይዞ ወደ በሩ የሚሄድ ሰው ቢኖር ዞር ብላችሁ አትዩት። ዘምሩ።