ሻለቃ አልነሳም ያለበት ኮረብታ

አንድ የወደብ ከተማ አስተዳዳሪ ነበሩ። በከተማውና በባሕሩ መካከል ያለው የአሸዋ ኮረብታ ከሰገነታቸው ሆነው ውሃውን እንዳያዩ ስለጋረዳቸው፣ እንዲደለደል አሰቡ። እንደ ደንቡም መጀመሪያ አጥኚ ኮሚቴ ላኩ። ኮሚቴው ጫማው ውስጥ አሸዋ እንዳይገባ ከመኪና ሳይወርድ፣ መስኮትም ሳይከፍት፣ ኮረብታውን በጥልቀት አጥንቶ «ምንም ነገር የለበትም» ሲል ፈረመ። ሰባት ፊርማ ያረፈበትን ነገር መጠራጠር ደግሞ ነውር ነው። ዶዘሩ ለሰኞ ተቀጠረ።

በኮረብታው ግርጌ ዘሃራ የሚባሉ መረብ ጠጋኝ ይኖሩ ነበር። ኮረብታው ከተነካ ቤቴን አሸዋ ይውጠዋል ብለው ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ማመልከቻው ከጥናቱ ጋር ስለሚጋጭ ተመለሰላቸው።

እሑድ ጠዋት አስተዳዳሪው ሻለቃ የሚባለውን ውሻቸውን ይዘው ወደ ኮረብታው ወጡ፤ የእግር ጉዞ ሐኪም ያዘዘላቸው ነው። በዚያ ሁልጊዜ ያልፋሉ። ግን የሹም አንገት ወደ ታች እንዲያይ አልተሠራምና መሬቱን አይተውት አያውቁም።

ያን ቀን ሻለቃ ጫፉ ላይ ቁጭ አለ። ቢያባብሉት፣ በማዕረጉ ቢጠሩት፣ አልነሳም አለ። ለካ ማሰሪያው ከአንድ ሐረግ ጋር ተጠላልፎ ኖሯል። አስተዳዳሪው የሚያያቸው ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው ጎንበስ አሉ፤ እንዳጎነበሱም ቀሩ። የጣት ጥፍር የምታህል ቢጫ አበባ፣ ከአጠገቧ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወዲያ ኮረብታው በሙሉ አበባ ነው። ሐረጉን ሳብ ቢያደርጉት ሥሩ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ወጥቶም አላልቅ አለ።

«ተዉት ጌታዬ» አሉ ከታች የወጡት ዘሃራ። «አሸዋውን ይዞ የሚያስተኛው እሱ ነው። ከነቀሉት በመጀመሪያው ነፋስ አሸዋው እኔ ቤት ይገባል። በሁለተኛው እርስዎ ሰገነት ላይ ነው።»

«መቼ በቀለ?»

«በየዓመቱ ዝናብ ሲጥል ያብባል። ውሻዎ እንኳ ያውቀዋል፤ አሽትቶት ነው የሚያልፈው።»

ሰኞ ዶዘሩ ከመንገድ ተመለሰ። አስተዳዳሪውም ሻለቃ የኮሚቴው ስምንተኛ አባል እንዲሆን ደብዳቤ ጻፉ። ሰብሳቢው፣ ሻለቃ የትምህርት ማስረጃ እንደሌለው በአክብሮት አስታወሱ።

«የለውም» አሉ አስተዳዳሪው፤ «ግን በእግሩ ሄዶ ነው ያየው።»

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ጫማውን አውልቆ ኮረብታ ይወጣል። ዘሃራም እዚያው መረባቸውን ይጠግናሉ።

ወዳጄ፣ ብዙ ጊዜ «ምንም የለም» የምንለው ጎንበስ ብለን ያላየነውን ነው። ደግነቱ፣ ለመጎንበስ አንድ ጠዋት ይበቃል። እርስዎስ፣ ከመኪና ሳይወርዱ የፈረሙበት ኮረብታ የትኛው ነው?