የጎረቤት ዶሮና የሼህ ሻፊ እራት

አላህ ይዘንላቸውና፣ ስሟ ዛሬ በተረሳ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ሻፊ የሚባሉ አባት ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ከመስጊዱ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ድሃም አይባሉ፣ ሀብታምም አይባሉ፤ ደጃቸው ግን ተዘግቶ አያውቅም።

በወጣትነታቸው አብረዋቸው ቁርኣን የቀሩ ሦስት ባልንጀሮች ነበሯቸው። ደረሳ፣ የመስጊድ ተማሪ፣ ሳሉ በአንዲት ጎጆ አድረው፣ ከየደጁ የለመኑትን ቁራሽ በአንድ አቁማዳ አጠራቅመው በልተዋል። ካረጁ በኋላ በየአገሩ ቢበተኑም፣ በዓመት አንድ ቀን አዝመራ ሲገባ ሼህ ሻፊ ቤት ተሰብስበው እራት ይበላሉ። እራቱም ሁሌ አንድ ነው፤ ዶሮ። «ያኔ የሰው ዶሮ ወጥ በአጥር ሲሸተን ቂጣ በበርበሬ እየጎረስን አደግን። አላህ ለዚህ ካደረሰን ሹክሩን፣ ምስጋናውን፣ በዶሮ እናደርሳለን» ይሉ ነበር ሼሁ።

ያንን ዶሮ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ወደ አኼራ በሄዱ በዓመቱ ነገሩ ሁሉ ምራታቸው ዘምዘም ላይ ወደቀ። ዘምዘም ከተዳረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ባሏ ለንግድ ቆላ ወርዷል፤ የሚያግዛት የለም። ሰፈሩ ደግሞ «የሟቿን እጅ ታወጣ እንደሁ እናያለን» እያለ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ይህን ሰምታለችና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሳይለይ፣ ከቆጡ ላይ ገብስማዋን ዶሮ ያዘች። ማታ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወርዶ ስለነበር የዶሮዋ እግር እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለብጧል። ሼህ ሻፊ ወደ ቂብላ ዞረው፣ ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ብለው አረዱላት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እጃቸው ግን አሁንም አይስትም።

ዘምዘም ዶሮዋን ገሽልጣ፣ ጭቃ የለበሰውን እግር ከነጭቃው ቆርጣ ከአመድ መድፊያው ጣለችው። አሥራ ሁለቱን ብልት አወጣች፤ በሎሚና በጨው እያሸች ውኃው እስኪጠራ አጠበች። ሽንኩርቱን እያለቀሰች ከተፈች፣ እያማሰለች አቁላላች። ቀትር ላይ የዙህር ሰላት ሲቃረብ መዓዛው ቤቱን ሞላው፤ ልቧም መለስ አለ።

ያን ጊዜ ነው ከጎተራው ስር አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ የሰማችው። ዞር ብትል ገብስማዋ ዶሯቸው ክንፏን እያራገፈች ብቅ አለች። ዝናቡን ሽሽት እዚያ አድራ ኖሯል!

ዘምዘም ማማሰያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ታዲያ የታረደችው የማን ናት?»

ወደ አመዱ ሮጣ እግሩን አነሳች። ጭቃው ደርቆ ነበርና በጣቷ ስትፍቀው ተፈረፈረ። ከስሩ ቀይ ክር ወጣ።

ቀዩን ክር ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖረው የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ ጦይባ ናት ለዶሮዋ የምታስረው። ያለቻትም እንደነሱዋ ገብስማ የሆነች አንዲት ዶሮ ናት፤ ከእንቁላሏ ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን በጨውና በቡና ትለውጣለች። በዝናቡ ጊዜ ዶሮዋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ከሰው ቆጥ ወጥታለች ማለት ነው።

ሸይጣን በዚህ ጊዜ ሩቅ አይቆምም። «ጭልፊት ወሰዳት ይባላል» አላት። «አንቺ አውቀሽ አላደረግሽው። ሼሁን በባልንጀሮቻቸው ፊት ልታዋርጂ ነው? ሰፈሩስ ምን ሊል ነው?» ዘምዘም ክሩን ፈትታ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችውና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ግን ወጡን ስትቀምስ ጨው ይኑረው አይኑረው መለየት አቃታት።

ከአስር ሰላት በኋላ እንግዶቹ መጡ። ሁለት ቀን በእግራቸው የተጓዙት ሼህ ዳውድ፣ ዝምተኛው ሼህ ዑመሬ፣ በመጨረሻም በሳቃቸው ከሩቅ የሚታወቁት ሐጂ ቃሲም።

«ሻፊ፣ መንገዱን ረስቼው ነበር» አሉ ሐጂ ቃሲም በሩ ላይ ቆመው። «ይኼ መዓዛ ነው ክንዴን ይዞ ያመጣኝ።»

«አንተ ሆድህን እንጂ መንገድ መቼ ታውቃለህ?» አሏቸው ሼህ ዳውድ።

ሲሳሳቁ ዘምዘም ከጓዳ ትሰማለች። እሷ ከተዳረች ወዲህ ሼሁ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ወዲያው ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ኩት ኩት ኩት... ነይ እናቴ፣ ነይ ግቢ፣ መሸ እኮ!»

እትዬ ጦይባ ናት። እንደገና ተጣራች። በሦስተኛው ድምፅዋ ተሰበረ። ዘምዘም ጭልፋውን አስቀመጠች።

«አባባ» አለች ከጓዳው በር ቆማ፣ «አንድ ጊዜ ይምጡልኝ።»

ሼሁ ገቡ። መቀነቷን ፈትታ ቀዩን ክር መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ክሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በዙህር፣ አባባ።»

«ከዙህር እስከ አሁን ብቻሽን ተሸከምሽው። ከበደሽ?»

«ከበደኝ።»

«ኢማን ባይኖርሽ አይከብድሽም ነበር። አታልቅሺ፣ ልጄ። ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ወጥተው ለባልንጀሮቻቸው ሳይደብቁ ነገሯቸው። ሐጂ ቃሲም እፎይ አሉ። «እኔ ደግሞ ምን ትልቅ ነገር መጣ ብዬ! ጦይባን እናውቃታለን፣ ደግ ሴት ናት። አሁን እንጥራትና አውፍ በይን፣ ይቅር በይን፣ እንበላት። በዚህ ሁሉ ሽበት ፊት እንቢ አትልም።»

«እንቢ እንደማትል ስለማውቅ እኮ ነው የማልጠይቃት» አሉ ሼህ ሻፊ።

ሌላ አልጨመሩም። ድስቱን ከነክዳኑ በጨርቅ ይዘው፣ ዘምዘምን የቤታቸውን ገብስማ ዶሮ አሳቅፈው፣ ጦይባ ደጅ ሄዱ። ድስቱን ከደፏ ላይ አኖሩት።

«ጦይባ፣ ዶሮሽን አርደናታል። ክሩን አይታ የነገረችኝ ዘምዘም ናት። ተሳስተን ነው፣ ስህተት ግን ሐቅ አያጠፋም። ወጡ ይኸው፣ ያንቺ ነው። ይቺ በሕይወት ያለችው ደግሞ የእሷ ምትክ ናት።»

ጦይባ ድስቱን አየች፣ ዶሮዋን አየች። «የኔዋ በየቀኑ የምትጥል ነበረች» አለች ፊቷን አጥቁራ። «ይቺን ማን ያውቃታል?» ዶሮዋን ከዘምዘም እጅ ወሰደች፣ ድስቱን ወደ ውስጥ ሳበች፣ በሩንም ዘጋችው።

ዘምዘም አፈረች፤ ሼሁ ግን «ሐቋ ነው» ብለው በዝግታ ተመለሱ። የመግሪብ ሰላት ተሰገደ። ከዚያ ዘምዘም ያላትን አቀረበች፤ እንጀራና በርበሬ፣ ሌላ ምንም። አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ሼህ ዳውድ አንድ ጎረሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወላሂ፣ ያው የጎጇችን ጣዕም ነው!»

«ያኔ ቢያንስ ጥርስ ነበረን» አሉ ሐጂ ቃሲም፣ ዝምተኛው ሼህ ዑመሬም ሳይቀሩ ሳቁ።

ሳቁ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ጦይባ ተጣራች።

«እናንተ ሽማግሎች! በበርበሬ ነው እንዲህ የምትስቁት?»

«በበርበሬ ነው» አሉ ሼህ ሻፊ።

ጦይባ ወደ አጥሩ ቀረብ አለች። «ቤቴ ጠባብ ነው። እግራችሁን አጥፋችሁ ትቀመጡ እንደሁ ኑ። ዘምዘምንም አምጧት።»

ሄዱ። ከባሏ ሞት ወዲህ ያ ቤት እንግዳ አይቶ አያውቅም። ምንጣፉ ከተጠቀለለበት ወጥቷል፣ መብራቱም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጦይባ ድስቱን ከፈተች።

«ዶሮዋስ የኔ ናት፤ ሽንኩርቱና ቅቤው የማን ይሁን?» አለች።

«ሐዲያ ነው፣ ስጦታችን» አሉ ሼሁ።

«እንግዲያው ባለቤቷ እኔ ነኝና ብልቱንም እኔ አድላለሁ።» ለአባወራ የሚሰጠውን ፈረሰኛውን በጭልፋ አወጣችና ዘምዘም ፊት አኖረችው። «ጭልፊት ወሰዳት ማለት ትችይ ነበር። ብይ።»

ዘምዘም ጎረሰች። ጨው ነበረው፤ ልክ ነበር።

ሲጨርሱ አራቱም ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ ባሏና ለቤቷ ዱዓ አደረጉ። ጦይባ «አሚን» እያለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሲመለሱ ሐጂ ቃሲም ሼሁን በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። «ይኸው ሰጠችን። ቀድመን ብንጠይቃትስ ትሰጠን አልነበር? ምን ተለየ?»

ሼህ ሻፊ ቆሙ። «ያኔ የምንበላው እፍረቷን ነበር» አሉ። «አሁን የበላነው ደግነቷን ነው።»

እኔ ይህን ነገር ሳስበው የሚገርመኝ የድስቱ መሄድ ብቻ አይደለም። እኛስ ጎረቤት በር ቆመን፣ ሰው አስከትለን «መቼም አታሳፍሪንም» ስንል ስንት ወንፊት፣ ስንት ምጣድ ወስደናል? እሺ የሚል አፍ ሁሉ የፈቀደ ልብ አይደለም። ሼሁ ለጦይባ ዶሮዋን በዶሮ መለሱላት፤ ከዶሮው የሚበልጠው ግን በሯን የመዝጋት መብቷን መመለሳቸው ነው። እንቢ ማለት የቻለች ሴት ናት ኑ ማለትም የቻለችው። ዘምዘምም ከዚያ ቀን ወዲህ በየዓመቱ ያንን እራት ስታሰናዳ ቀዩን ክር በመቀነቷ ትቋጥር ነበር ይባላል፤ ለጦይባም ምንጣፍ ከሁሉ አስቀድማ ታነጥፍላት ነበር። አላህ የሰው ሐቅ በእጃችን ሲገባ የሚከብደን ልብ ይስጠን።