ውሃን በቃሉ የያዘው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በሚሞላበት በደጉ ዘመን፣ እመት ቀበሮ ሾላ ዛፍ ሥር ትምህርት ቤት ከፈተች። ብልጥ አይደለች! ግልገሉም ጥጃውም ውርንጭላውም እግሩን አጥፎ ይቀመጥላታል፤ እሷ አንድ ቃል ጣል ታደርግና ታሸልባለች። ወላጅ ደግሞ «ልጄን አደራ» እያለ የሚቀመስ ነገር ይዞላት ይመጣል። ከዚህ የተሻለ ኑሮ ከየት ይገኛል?

አለንጋ ይዞ ልጆቹን የሚጠብቅላት አያ ጅቦ ነበር። የዚያ ዓመት ትምህርት «ውሃ ከአሸዋ ሥር አለ፤ አሸዋውን ማስ፣ ውሃውን ጠጣ» የሚል ነው። ልጆቹ ጠዋትም ይሉታል፣ ከሰዓትም ይሉታል። አያ ጅቦማ ከሁሉም በልጦ ይጮኸዋል፤ «ጠጣ» የሚለው ላይ ሲደርስ ለሃጩ ይዝረበረባል።

አሻግሬ የሚባለው ውርንጭላ ግን አልቀመጥ አለ። ትምህርቱን በሰማ ቁጥር ብድግ ብሎ ወደ ወንዙ ዳር ይሮጥና አሸዋውን በኮቴው ይጭራል። አያ ጅቦ ጆሮውን ይዞ ይመልሰዋል። በማግስቱም ያው ነው። በመጨረሻ እመት ቀበሮ እናቱን አስጠራቻት።

«እመት አህያ፣ ልጅሽ አሸዋ ሲጭር ነው የሚውለው። ትምህርት ጨዋታ መሰለው እንዴ?»

«ውሃ ከአሸዋ ሥር አለ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ሊያየው ነዋ!»

«ማየት ምን ያደርግለታል? በቃሉ ይበለው እንጂ! በጋ ላይ ንጉሥ አንበሳ ሊፈትናቸው ይመጣል። በቃሉ ያልያዘ ልጅ ዕድሜ ልኩን ጭነት ይሸከማል ተብሏል፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትዪ።»

እመት አህያ ደነገጠች። ጭነትን ታውቀዋለች፤ የጀርባዋ ቁስል ገና አልጠገገም። ልጇን «ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ልትለው አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት።

«እማዬ፣ ዛሬ ሦስት ጉድጓድ ማስኩ፤ ሦስቱም ደረቅ! የወንዙ መታጠፊያ ጋ ያለው አሸዋ ግን ይቀዘቅዛል። ለምንድን ነው?»

እናትየው መልሱን ታውቀው ነበር። ዋጥ አደረገችውና «እኔ እንጃ፤ ነገ አንተው እየው። ቢስቁብህም እንዳትተው» አለችው። አልተወም።

በጋው ከፋ። ወንዙ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ደረቀ። የፈተናው ቀን ንጉሥ አንበሳ ደቦሉን አስከትሎ መጣ። ደቦሉ ምላሱ ደርቆ መራመድ አቅቶታል።

«ፈተናው ይቆይ፤ ልጄ በጥም ሊሞትብኝ ነው!» አለ አንበሳ። «ውሃ የት እንዳለ ስትማሩ አይደል የከረማችሁት? አምጡ!»

«ውሃ ከአሸዋ ሥር አለ!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

«እኮ አምጡ!»

አያ ጅቦ «ይህማ ለኔ ነው!» ብሎ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ። ደረቱን ነፋና አሸዋው ላይ «አሸዋውን ማስ፣ ውሃውን ጠጣ!» ብሎ ጮኸበት። አሸዋው ንቅንቅ አላለም። «አልሰማኝም መሰለኝ» አለና ደገመው።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። እሷ መላ መች ታጣለች! «ጌታዬ፣ ልጆቹን ያዘናጋብኝ ይሄ ውርንጭላ ነው። ትምህርቱንም አያውቀው፤ ይጠይቁት!»

«በል እንጂ» አለው አንበሳ።

አሻግሬ ሊለው ሞከረ። «ውሃ… ከአሸዋ… ጠፋብኝ» አለ።

«ጭነት! ጭነት!» አለ አያ ጅቦ ከወንዙ ውስጥ።

ይሄኔ ፈተናውን ልታይ የመጣችው እመት አህያ መሃል ገባች። «ጌታዬ፣ ልጄ መናገሩን አይችልበትም፤ ቆፍሮ ያሳይዎ። ካቃተው የሱንም ጭነት በኔ ላይ ይደርቡት።»

አሻግሬ ወደ መታጠፊያው ሮጠ። አሸዋውን በአፍንጫው ነካ ነካ አደረገና ማስ ጀመረ። ክንድ ያህል ወረደ፤ ደረቅ። አያ ጅቦ በሳቅ ፈረሰ። አሻግሬ «እዚህ ጋ አይደለም» ብሎ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለና እንደገና ጀመረ። ኮቴው ደማ፤ አላቆመም። አሸዋው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ራሰ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ውሃ አቀረረ።

ደቦሉ ጠጥቶ ነፍሱ መለስ ስትል አባቱ ሊያዝለው ጎንበስ አለ። «ተው አባዬ!» አለና ደቦሉ አሸዋው ላይ ዘለለ፤ «እኔም የራሴን ልማስ!» ግልገሉም ጥጃውም ተከተሉት። እመት አህያ ቆማ እያየች አለቀሰች።

አንበሳ ቀበሮን አያት። «ምን ትጠብቂያለሽ? ከውርንጭላው አጠገብ ውረጂና ማሺ።»

አያ ጅቦ እንደሆነ ልጆቹ ጠጥተው ረክተው ወደየቤታቸው ሲገቡም እዚያው ነበር፤ በደረቀ ጉሮሮው አሸዋውን ያስተምራል።

ከዚህ የምንማረው፣ የልጅን ጥም የሚቆርጠው እኛ በቃሉ ያስያዝነው ውሃ ሳይሆን ሳንከለክለው ራሱ ቆፍሮ ያወጣው መሆኑን ነው።