ትብለጥና የተኳረፉት ዕቃዎች

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፣ ላጫውታችሁ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረበት፣ እንስሳ ሁሉ ምክር በሚሰጥበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ በአንዲት ከተማ ዳርቻ ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ደምለው የታወቀ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ግን ዓለምን የሚያገኘው በጆሮው ብቻ ሆነ። ልጃቸው ሰርክአዲስም ማሲንቆውን ከአባቷ ተምራ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደች።

አንድ ቀን ከልጅቱ መልእክት መጣ። «ዛሬ ከምሳ በኋላ በቴሌቪዥን እጫወታለሁ። አባዬ ይስማኝ።»

ደምለው ጋቢውን አስተካክሎ ቁጭ አለ። ትብለጥ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ምስሉ መጣ፤ ድምፁ ግን የለም። የቴሌቪዥኑ የራሱ ጉሮሮ፣ ማለትም የውስጥ ስፒከሩ፣ መብራት ሲዋዥቅ ተቃጥሎ ከቀረ ቆይቷል። ድምፁን ተቀብሎ የሚያሰማለት ጥቁሩ አምፕሊፋየር ከነስፒከሮቹ ነበር፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው ደግሞ ገመዱ። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ሁሉም ተነቃቅለው እንደገና ተሰክተዋል። ከዚያ ወዲህ ጭጭ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ትብለጥ።

«እኔ ደህና ነኝ፤ ምስሌን አታዪም? ደንቆሮው እሱ ነው» አለ ቴሌቪዥኑ።

«እኔም ደህና ነኝ፤ መብራቴን አታዪም? ዲዳው እሱ ነው» አለ አምፕሊፋየሩ።

«እኔ የሰጡኝን ነው የማደርሰው» አለ ገመዱ።

አምፕሊፋየሩ ላይ የቤቱ ድመት ተኝታለች። ጀርባው ይሞቃል፤ ዝም ሲል ደግሞ እንቅልፍ ይጥማል። ለአንዱ «ያኛው ደንቆሮ ነው»፣ ለሌላው «ያኛው ዲዳ ነው» እያለች ያኳረፈቻቸው እሷ ናት።

«እሜቴ፣ ይሄማ አርጅቷል፤ አትድከሚ» አለች ድመቷ።

«ሳልሞክር አልቀመጥም» አለች ትብለጥ። መጀመሪያ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደች። «ጆሮህን የሰጠኸው ለማን ነው?»

«ለሬዲዮው።»

«ሬዲዮ መቼ ከፈትኩና ነው? ወደ ቴሌቪዥኑ ዙር!» ቁልፉን አዞረችው። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች። ጭጭ።

«አላልኩሽም? ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ወደ ነበርኩበት መልሺኝ» አለ አምፕሊፋየሩ።

«እውነቱን ነው፣ መልሺው» አለች ድመቷ።

ትብለጥ እጇን ወደ ቁልፉ ዘረጋች፤ አሰብ አድርጋ ሰበሰበችው። «ተቃንቶ ሳለ ለምን አጣምመዋለሁ? እዚሁ ቆይ።»

ቀጥላ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ጀርባውን አየች። ሦስት የሚመሳሰሉ ቀዳዳዎች አሉ። «አንተ ገመድ፣ የት ነው የገባኸው?»

«የከተቱኝ ቦታ ነዋ!»

«ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወጣው በአንዱ ብቻ ነው።» ጎንበስ ብላ ስታይ የድምፅ መውጫውን የሚያመለክተው «ኤ አር ሲ» የሚል ጽሑፍ ያለው ከገመዱ አጠገብ ባለው ቀዳዳ ላይ ነው። ገመዱን ነቅላ እዚያ ሰካችው። ጭጭ።

«እኔም የለሁበትም!» አለ ገመዱ።

በዚህ መሀል ሰርክአዲስ ማሲንቆዋን ይዛ በቴሌቪዥኑ ምስል ላይ ብቅ አለች።

«መጣች!» አለች ትብለጥ፤ ላብ ግንባሯን ሞልቶታል።

«ትብሌ፣ በቃ ተይው» አለ ደምለው ድምፁ ሰለል ብሎ። «አንቺ እያየሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ማሲንቆ እንዴት ይነገራል ደሜ?» አለችና ሪሞቱን አነሳች። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። «አሁን የቀረኸው አንተ ነህ። ድምፅህን ለማን ነው የምትሰጠው?»

ቴሌቪዥኑ አመነታ። «ለራሴ ጉሮሮ።»

«ለተቃጠለው?»

«ታዲያ ለደንቆሮ ልስጥ? ድመቷ ነግራኛለች።»

«እኔንም እሱ ዲዳ ነው ብላኛለች!» አለ አምፕሊፋየሩ። ሁሉም ቀና ሲሉ ድመቷ ዘላ ወርዳ አልጋ ሥር ገባች።

ትብለጥ የድምፅ ማስተካከያውን ከፈተች፤ «የውስጥ ስፒከር» ከሚለው አንስታ «የውጭ» በሚለው ላይ አደረገችው።

ቤቱ በድምፅ ተሞላ። ሰርክአዲስ ቀስቷን እየሳበች ነበር፤ ማሲንቆው ያንጎራጉራል፣ ይለምናል፣ ይስቃል። ደምለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስኪያልቅ ሰማ። ትብለጥ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊት ፊቱን ታየዋለች።

«እንደ እኔ አይደለም የምትጫወተው» አለ በመጨረሻ።

ትብለጥ ደነገጠች። «አልወደድከውም?»

«ከእኔ ትበልጣለች» አለ፤ እንባውን ሊጠርግ እንኳ አልሞከረም።

እንግዲህ ልጆች፣ ችግር ተደራርቦ ሲመጣ አንዱን አቃንታችሁ ለውጥ ባታዩ፣ ያቃናችሁትን መልሳችሁ አታጣምሙ። ቀጣዩን ፈልጉ። እኔ ጨርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ አውሩልኝ።