ላፕቶፑና አልነሳ ያለው ዳንቴል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ላም የለችም። ያለችው ኤፍራታ ናት፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ በሚያንጣጣበት አንድ እሑድ ከሰዓት።

ኤፍራታ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነው፦ አሥር ሰዓት ላይ ከወንድሟ ከኪሩቤል ጋር የመኪና እሽቅድድም ጌም መጫወት። ኪሩቤል ሩቅ አገር የተመደበ ነርስ ነው። ነገ ደግሞ ኔትወርክ ወደሌለበት ጤና ጣቢያ ይዛወራል። ዛሬ ካልተጫወቱ መቼ እንደሚጫወቱ እንጃ፤ ልጅቷን ጭንቅ ብሏታል።

ላፕቶፑን ከፈተችው። «ሞቆኛል!» አለ ላፕቶፑ። «ማራገቢያዬ ካላራገበልኝ አልጫወትም።»

ማራገቢያውን «አራግብለት» አለችው። «ታፍኜ? ከሥሬ የተነጠፈው ዳንቴል ካልተነሳ አላራግብም» አለ።

ዳንቴሉን «ተነስ» አለችው። ዳንቴሉ ግን ኩሩ ነው፤ በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሶፋውም ዳንቴል ለባሽ ነው። ኤፍራታ ላፕቶፑን ይዛ ሌላ ቦታ እንዳትሄድ ሶኬቱ ያለው እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ነው፣ የላፕቶፑ ባትሪም ከሞተ ቆይቷል። «እናትሽ ካላነሱኝ አልነሳም» አላት።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ጓዳ ነበሩ።

«እማዬ፣ ዳንቴሉ አልነሳም አለ፣ ማራገቢያው አላራግብም አለ፣ ላፕቶፑ አልጫወትም አለ። አንሺልኝ!»

«ውይ ልጄ! እትዬ ሙሉነሽ በእጃቸው ሠርተው የሰጡኝን? ባዶ ጠረጴዛ ቢያዩ ምን ይሉኛል? እሳቸው ካልፈቀዱ አላነሳም።»

ኤፍራታ በሩጫ ጎረቤት ገባች።

«እትዬ፣ እማዬ አላነሳም አለች፣ ዳንቴሉ አልነሳም አለ፣ ማራገቢያው አላራግብም አለ፣ ላፕቶፑ አልጫወትም አለ። ይፍቀዱልን!»

እትዬ ሙሉነሽ ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል። «የዳንቴል ነገር አታንሺብኝ! ዳንቴል የምሠራበት ኪሮሼ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶብኛል። እሱ ካልተገኘ ምንም አልፈቅድም።»

ኤፍራታ አልጋ ሥር ፈለገች፣ መስኮት ላይ ፈለገች። በመጨረሻ የክሩ ቅርጫት ውስጥ፣ ከድመቷ ሆድ ሥር፣ የኪሮሹ ጫፍ ብልጭ አለ። «እባክሽ ተነሺ» ብትላት ድመቷ አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች።

«ከዚህ የበለጠ የሚሞቅ ቦታ ካላገኘሁ አልነሳም» አለች። እንግዲህ በድሬ ሙቀት!

ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀረው። ኤፍራታ እንባዋ መጣ። «አንቺ አልነሳም አልሽ፣ ኪሮሹ አልወጣ አለ፣ እትዬ አልፈቅድም አሉ፣ እማዬ አላነሳም አለች፣ ዳንቴሉ አልነሳም አለ፣ ማራገቢያው አላራግብም አለ፣ ላፕቶፑ ሞቆኛል ብሎ...»

ድመቷ ጆሮዋን አቆመች። «ምን አልሽ? ሞቆኛል አለ?»

ዘላ ተነሳች። ድመቷ ስትነሳ ኪሮሹ ወጣ፣ ኪሮሹ ሲወጣ እትዬ ሙሉነሽ ፈቀዱ፣ እሳቸው ሲፈቅዱ ወይዘሮ አስካለ አነሱ፣ እሳቸው ሲያነሱ ዳንቴሉ ተነሳ፣ ዳንቴሉ ሲነሳ ማራገቢያው አራገበ፣ ማራገቢያው ሲያራግብ ላፕቶፑ ቀዘቀዘ። ድመቷ ላፕቶፑ ጋ ስትደርስ መዳፏን አስነካችው፤ ቀዝቅዟል። ኤፍራታን ገላመጠቻትና ጭኗ ላይ ወጥታ ተኛች።

«ኤፍዬ! የቀረሽ መስሎኝ ነበር» አለ ኪሩቤል ከላፕቶፑ ውስጥ።

«እንዴት እቀራለሁ? ናፍቀኸኛል እኮ!»

ተሽቀዳደሙ፣ ተበሻሸቁ፣ ሳቁ። የመጨረሻው ዙር ላይ ሲደርሱ ግን የኪሩቤል መኪና ቀስ አለ።

«ምን ሆንክ? ንዳ እንጂ!» አለችው።

«ከጨረስነው ያልቃላ» አላት።

ኤፍራታም መንዳቷን ቀስ አደረገች። ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ አልፈዋቸው ሄዱ፤ እነሱ ግን ጎን ለጎን፣ እያወሩ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ተጓዙ። መጨረሻ ወጡ።

ተረቴም እዚህ አበቃ፤ ላፕቶፑም አልጋለ፣ አፌም አልደረቀ።