ግንቡ ያልፈረሰበት ቀን

አንድ ግንበኛ ነበረ። ወጣት ነው፤ መዶሻውም አዲስ ነው።

መምህር ጌጤነህ ምሳሌያቸውን የጀመሩት እንዲሁ በድንገት ነው። በረንዳው ላይ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ምንተስኖት ዘንድሮ በምህንድስና ተመርቋል። ልጅ እያለ ሒሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ከባድ ነገር ሲገጥመው የሚመጣው እዚሁ ነው። ጥያቄውን እንደ ልማዱ በቅደም ተከተል አስቀምጦ ነበር። አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ለልምምድ ና ብሎታል። ደመወዝ የለውም። እስከ መቼ እንደሆነም አልተነገረውም። አባቱ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ታናሽ እህቱ ገና ትማራለች። «ልግባ ወይስ ልተወው?» አለ። መምህርም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ወደ ግንበኛው ታሪክ ገቡ።

ይህ ወጣት ሙያውን ከአንድ ሽማግሌ ተምሮ ጨርሷል። እሱ ሙያ ሲማር ባሏ የሞተባት እናቱ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ በግማሽ እህል ኖራለች። አሁን ተራው የእሱ ነው። እናቱ ለጎረቤት «ልጄ እኮ ግንበኛ ሆነ» ስትል ይሰማል፤ በሰማ ቁጥር ደረቱ ይነፋል። ወዲያው ደግሞ በልቡ «እውነት ሆኛለሁ?» ይላል። ብቻውን ያቆመው ግድግዳ የለማ! የሠራው ሁሉ የአስተማሪው እጅ የገባበት ነው።

በዚያው አገር አንድ ባለጠጋ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ያሠራ ነበር። ወጣቱን አስጠራው።

«ግንበኛ ነህ አሉኝ።»

«ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ና ሥራ። ምሳ ከእኔ። ደመወዝ ግን የለም፤ ገና ልጅ ነህ፣ ሙያ ትቀስማለህ። የእኔን ቤት የሠራ ሰው ነገ የማን ደጅ ይዘጋበታል?»

ወጣቱ ላስብበት ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቱ ስትሰማ ተነሥታ ቆመች።

«በሬ እንኳ አርሶ ሲውል ገለባ ይጣልለታል! ምሳ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ምሳማ እኔስ መቼ ነሣሁህ?»

ለእሳት ፍለጋ ብቅ ያለ አንድ ጎረቤታቸው ጣልቃ ገባ። «ኧረ ተዪው እቴ! ይሄማ ደጅ ጥናት ነው። እኔ በጉብዝናዬ የባላባቱን ደጅ ስንት ዘመን ጠንቻለሁ።»

«ጠንተህ ምን አገኘህ?»

«ሰው አወቅሁ።»

«እሱ ሰው ታዲያ እሳት አይሰጥህም?» አለችው። ጎረቤቱ ራሱ ሳቀ፤ ፍሙን ይዞ ወጣ።

ወጣቱ ግን አልሳቀም። እናቱ እውነቷን ነው፤ ጎረቤቱም አልዋሸም። እንቢ ብል፣ አንድ ግድግዳ እንኳ ያላቆመ ግንበኛ ማን ብሎ ቤቱን ይሰጠኛል? እሺ ብልስ፣ እናቴ እስከ መቼ በግማሽ እህል ትኑር? ነገሩን ከዚህም ከዚያም ቢያገላብጠው ሚዛኑ አልደፋም። በመጨረሻ «አንድ ቀን ውዬ ልየው፤ ሳላይ እሺም እንቢም አልልም» ብሎ በማለዳ ሄደ።

ከግድግዳው አንድ ቁራጭ ለቀቁለት። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያገላበጠ ፊቱ የለሰለሰውን መረጠ። ገመዱን ወጠረ፣ ቱንቢውን አወረደ፣ አንዱን ከአንዱ አጋጠመ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግድግዳው በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ባለጠጋው በበቅሎ ሲያልፍ ቆም አለ።

«እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ! ግንበኛ ማለት እንዲህ ነው። በርታ!» ብሎ አለፈ።

ወጣቱ ደስታው ልክ አጣ። እንዲህ የሚመሰገንበት ቦታ ደመወዝ ምን ያደርግለታል? እንዲያውም ይህን ለእናቱ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት ቃላት መምረጥ ጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ ዋናው ግንበኛ መጣ። ከሲታ፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነው። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። አንዱን ድንጋይ ያዘና ሳበው፤ እንደ ወተት ጥርስ ተነቅሎ መጣለት። በቀዳዳው እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፤ ጭቃና ኮረት ዘግኖ አወጣ። ሁለተኛውን ነቀለ፣ ሦስተኛውን ነቀለ። ያ ውብ ግድግዳ ተንዶ የወጣቱን እግር አለበሰው።

ጭቃ አቡኪዎቹ ሥራቸውን አቆሙ።

«ግንበኛው! ለአይጥ ነበር እንዴ የሠራኸው?» አለ አንዱ።

«ተወው እባክህ፣ ካባ ሰፍቶ ገበሩን ረስቶት ነው!» አለ ሌላው። ሳቁ ከሠሪ ወደ ሠሪ ሄደ።

ወጣቱ ጆሮው ጋለ። መዶሻውን ከመሬት አነሣና ጀርባውን ሰጣቸው። ሊሄድ ነው። መንገዱ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ያዘው። የያዘው ትዕግሥት አልነበረም። ለምን እንደፈረሰ አላወቀም፤ ሳያውቅ መሄድ ደግሞ ከሳቁ ይልቅ ከበደው። ተመልሶ ዋናው ግንበኛ ፊት ቆመ።

«ምን አጠፋሁ?»

ዋናው ግንበኛ ወጣቱ ወደ ጎን ከጣለው ክምር አንድ ረጅም፣ ፊቱ የጎረበጠ ድንጋይ አነሣ። «ይሄን ለምን ጣልከው?»

«ፊቱ አያምርም።»

«ፊቱን ማን ጠየቀህ? ርዝመቱን እይ። ይሄ ከውጭ ገብቶ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። የውጩን ድርድርና የውስጡን ድርድር አንድ ግድግዳ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። ማሰሪያ ይባላል። አንተ ሁለት ስስ ግድግዳ አቁመህ መሐላቸውን ጭቃ ሞላህበት። ክረምት ሲመጣ ጭቃው ያብጣል፤ ግድግዳው እንዳረገዘች ሴት ሆዱ ይገፋል። ከዚያ መውለድ ነው።»

ወጣቱ አሁን ገባው። አስተማሪው ማሰሪያውን ሁልጊዜ በገዛ እጁ ነበር የሚያስቀምጠው። እሱ ያቀብላል እንጂ ያ ድንጋይ ለምን ረጅም እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። የዚያን ቀን ግድግዳውን እንደገና አነሣው። ማታ ሠራተኛው ሊበተን ሲል ባለጠጋው ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ያለ ገንዘብ እሠራለሁ። ግን ውል አለኝ።»

«ውል? ደመወዝ ለሌለው ሥራ?»

«ደመወዝማ አለው። ዋናው ግንበኛ ግንቤን አፍርሶ ለምን እንዳፈረሰ በነገረኝ ቀን ደመወዜን ተቀበልኩ ማለት ነው። ሳያፈርስ ያለፈኝ ቀን ግን ያ የትምህርት ደመወዜ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ማንኛውም ግንበኛ ይከፈለኛል።»

ባለጠጋው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንደ ዛሬውማ ከሆነ ሽበት ይቀድምሃል! እሺ፣ ተስማምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ይስማ።»

ዋናው ግንበኛ ወጣቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየው።

ከዚያ በኋላ ግንቡ ፈረሰ። ደግሞም ፈረሰ። ማሰሪያው ሲስተካከል መጋጠሚያው ተሳሳተ፤ መጋጠሚያው ሲቀና መሠረቱ ላይ ያለው ድንጋይ በጎኑ ቆሞ ተገኘ። እናቱ መጀመሪያ አኮረፈች። ኋላ ግን ልጇ ሲገባ እጁን እያስታጠበች «ዛሬስ?» ትለው ጀመር።

«ግማሹ ፈረሰ።»

«ግማሹ ብቻ?» ትላለች፤ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ፈገግታዋን እየደበቀች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወጣቱ የቤቱን ማዕዘን ያዘ። ማዕዘን ሁለት ግድግዳ የሚነካከስበት ስለሆነ ለጀማሪ አይሰጥም። ዋናው ግንበኛ እንደ ወትሮው መጣ። መዳፉን አሳረፈ። አንዱን ድንጋይ ሳበ፤ እንቢ አለው። ሌላውን ሳበ። ብረት አምጥቶ ጫፉን አስገብቶ ፈለቀቀ፤ ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው እጁን በቁምጣው ጠረገና ወደ ሌላው ግድግዳ ሄደ።

ወጣቱ እጁ ላይ የነበረውን ድንጋይ ቦታው አስቀመጠ። ከዚያ ወርዶ የድንጋይ ክምር ላይ ቁጭ አለ።

ባለጠጋው ሲመጣ እንደተቀመጠ አገኘው። «ምነው፣ አመመህ?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ። ዛሬ ግንቤ አልፈረሰም።»

«እና?»

«ውላችን።»

«ኧረ ተው እባክህ! ጣሪያው ይድረስና እናወራለን። እኔ ቤት ስንት ነገር ተምረህ አሁን ትደራደረኛለህ?»

«የተማርኩትን አልካድኩም፤ ቃልዎን ግን ሰው ሰምቷል።»

ባለጠጋው ወደ ዋናው ግንበኛ ዞረ። «አንተ፣ ረስተኸው ነው አይደል ያለፍከው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዋናው ግንበኛ እንጀራው በባለጠጋው እጅ ነው። «አዎ፣ ረሳሁ» ቢል ማንም አይፈርድበትም፤ ወጣቱ ግን የክረምቱን ሥራ በነፃ ሊሠራ ነው፣ ወይም ያለ ምንም ሊሄድ ነው። ወጣቱ ይህን ያውቃል። አልለመነም፤ አልተነሣምም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማዕዘኑን አየ። የሚመጣው ምንም ይሁን ምን፣ ያ ማዕዘን መቆሙን ያውቃል። ያን ጊዜ ነው «እውነት ሆኛለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከልቡ የወጣው።

«አልረሳሁም» አለ ዋናው ግንበኛ። «ልነቅለው ታገልኩ፤ እንቢ አለኝ። እኔ ብሠራው ከዚህ አይበልጥም።»

ባለጠጋው ሰማዩን አየ። ደመናው ወርዷል፤ ቤቱ ጣሪያ የለውም።

«እሺ፤ ከነገ ጀምሮ ይከፈልሃል።»

«ከዛሬ» አለ ወጣቱ፣ እንደተቀመጠ።

ባለጠጋው በቅሎውን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ። «ከዛሬ» አለ።

ወጣቱ ተነሣ። ያ የአይጥ ቤት ብሎ የሳቀበት ጭቃ አቡኪ አንድ ባልዲ ጭቃ ተሸክሞ መጣና «እንካ ጌታው፣ ሳይደርቅብህ» አለው።

መምህር ጌጤነህ መነጽራቸውን አደረጉና ምንተስኖትን አዩት።

«አሁን እኔ ልጠይቅህ። እዚያ ቢሮ ሥራህን ስታሳያቸው ምን አሉህ?»

«ሥራ አስኪያጁ በጣም ጎበዝ ነህ አሉኝ።»

«እሱን ተወው። ያፈረሰብህ የለም?»

ምንተስኖት ወለሉን አየ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለአባቱም ቢሆን።

«አንዲት ኢንጂነር ነበሩ። የመመረቂያ ሥራዬን ገልጠው አንዱ ምሰሶ ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ። "ይሄ ምሰሶ ከሥሩ ምን ይዞታል?" አሉኝ። ከሥሩ ምንም አልነበረም፣ መምህር። የታችኛውን ፎቅ ሳስተካክል የታቹን ምሰሶ ሰርዤ የላይኛው ብቻውን ቀርቷል። አየር ላይ ነው የቆመው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው አልሳቁም። ወንበር ስበው እንዴት እንደሚስተካከል አሳዩኝ።»

«እንግዲያው እንቅልፍ የነሣህ ደመወዙ ብቻ አይደለም።»

ምንተስኖት «አይደለም» አለ።

«ስማኝ ልጄ። ወጣቱ ግንበኛ አንተ ነህ። ባለጠጋው ጎበዝ ነህ ብሎህ ያለፈው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ክፉ ሰው ነው አልልህም፣ ግን ምስጋናው አያበላህም፣ አያስተምርህም። ዋናው ግንበኛ ግንብህን ያፈረሱት ሴትዮ ናቸው። በነፃ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ልምምድ አይደለም። ወረቀት ሲያስባዙህ፣ ዕቃ ሲያስመጡህ ውለው ሥራህን ሳያዩ ጎበዝ የሚሉህ ከሆነ ጉልበትህን እየበሉህ ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት በወርቅ በር ቢከፈትልህ አትግባ። ሥራህን ቁጭ ብሎ የሚያፈርስልህ ሰው ካለበት ግን ግባ፤ ይህ በገንዘብ አይገዛም። አባትህንም ቁጭ አድርገህ አናግራቸው፤ የሚታገሡህ እስከ መቼ እንደሆነ ይወቁ። ውልህንና ቀነ ገደቡን ሥራ ከመጀመርህ በፊት ለሥራ አስኪያጁ ሰው ባለበት ተናገር። ነገ ሂድና ከሴትዮዋ ሥር ልሁን በል። ሴትዮዋ እርሳሳቸውን አንሥተው፣ ፈልገው ፈልገው፣ የሚያሰምሩበት ያጡ ቀን ግን ዓይንህን ወደ መሬት እንዳትሰብር። ሥራ አስኪያጁን ስለ ደመወዜ እናውራ ስትለው ከነገ ይልሃል። አንተ ከወንበርህ አትነሣ። ከዛሬ በለው።»